ሳትነግሩት የሚሞላው ክላየንት፦ ስለ ፒኤስኪውኤል የግንኙነት ቅንብሮች

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ብዙዎቻችን አንዴ ካስተካከልነው በኋላ ዞር ብለን ስለማናየው ነገር ነው። ከተርሚናል ሆነን ወደ ዳታቤዝ ስንገባ ስለምንሰጣቸው ቅንብሮች፤ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርቱ፣ ዩዘሩ፣ ፓስወርዱ፣ ኢንክሪፕሽኑ። ምሳሌዬ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ነው፤ ክላየንቱ፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ የምንገባበት ፕሮግራም፣ ደግሞ ፒኤስኪውኤል። ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ሌላ ዳታቤዝ የምትጠቀሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተ ጋ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ።

የምለው ነገር አንድ ነው። ፒኤስኪውኤል ያልነገራችሁትን ነገር ባዶ አይተወውም። ከሆነ ቦታ አምጥቶ ይሞላዋል። ከየት እንደሚያመጣው ካላወቃችሁ፣ እጃችሁ ያለው የትኛው ዳታቤዝ ላይ እንደሆነም በእርግጠኝነት አታውቁም። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። የምንነካው የሰው መረጃ ነውና፤ የሰው ደሞዝ፣ የታካሚ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት።

ተርሚናል ከፍታችሁ ፒኤስኪውኤል ብቻ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው ዳታቤዝ ብሎ አይጠይቃችሁም። ዩዘራችሁን ከኮምፒውተሩ ይወስዳል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የገባችሁበት ስም አበበ ከሆነ የዳታቤዝ ዩዘራችሁም አበበ ይሆናል። የዳታቤዙን ስም ካልሰጣችሁት ያንኑ የዩዘሩን ስም ደግሞ ይጠቀምበታል። ፖርቱ 5432 ነው። ሆስቱ፣ ማለትም የሰርቨሩ አድራሻ፣ በሊኑክስና በማክ እዚያው ማሽን ላይ ያለ ሶኬት ነው፤ ያለ ኔትወርክ የሚገባበት በር። በዊንዶውስ ደግሞ ሎካልሆስት፤ ራሱ ማሽኑ ማለት ነው፣ ግን በኔትወርክ በር። ጀማሪዎች ፖስትግሬስን እንደጫኑ የሚያዩት «አበበ የሚባል ዳታቤዝ የለም» የሚል ኤረር ከዚህ የመጣ ነው። አበበ የሚባል ዳታቤዝ የጠየቀ ሰው የለም። ክላየንቱ ነው ከራሱ የሞላው።

አሁን ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆያለን።

ቅድሚያ ያለው ትእዛዙ ላይ ራሳችሁ የጻፋችሁት ነው። ሰረዝ ትንሿ ኤች ለሆስት፣ ሰረዝ ትንሿ ፒ ለፖርት፣ ሰረዝ ትልቁ ዩ ለዩዘር፣ ሰረዝ ትንሿ ዲ ለዳታቤዝ። ወይም ሁሉንም አንድ ላይ እንደ ድረ ገጽ አድራሻ አድርጎ መጻፍ ይቻላል። እዚህ የተጻፈ ሌላውን ሁሉ ያሸንፋል። ቀጥሎ የሰርቪስ ፋይል ይመጣል፤ ስለሱ በኋላ በሰፊው አወራለሁ። ከዚያ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎቹ፣ ማለትም ተርሚናሉ በስም የሚያስቀምጣቸው ቅንብሮች፤ ፒጂሆስት፣ ፒጂፖርት፣ ፒጂዩዘር፣ ፒጂዳታቤዝ የሚባሉት። የትም ካልተገኘ ነው ቅድም ያልኳችሁ ዲፎልት የሚገባው።

ልብ በሉ፤ ይሄ ፍለጋ ለእያንዳንዱ ቅንብር ለየብቻው ነው የሚካሄደው። ዳታቤዙ ከትእዛዙ፣ ሆስቱ ከቫሪያብል፣ ዩዘሩ ከኮምፒውተሩ ሊመጣ ይችላል። አንዱን ስለጻፋችሁ ሌላው ከተመሳሳይ ቦታ ይመጣል ማለት አይደለም።

እንበልና አንዲት ባልደረባችሁ ጠዋት የፕሮዳክሽኑን፣ ማለትም ደንበኞች የሚጠቀሙበትን፣ ሰርቨር ለማየት ተርሚናሏ ላይ ፒጂሆስትን ኤክስፖርት አደረገች፤ መስኮቱ እስኪዘጋ እንዲቆይ አስቀመጠችው። ሥራዋን ጨረሰች፤ መስኮቱን ግን አልዘጋችውም። ከሰዓት በዚያው መስኮት የራሷ ላፕቶፕ ላይ ያለውን የሙከራ ዳታቤዝ ልታጸዳ ፈለገች። ሰረዝ ዲ ብላ የዳታቤዙን ስም ሰጠች። ሆስት አልጻፈችም፤ ካልጻፍኩ ላፕቶፔ ነው ብላ። የዳታቤዙ ስም ሁለቱም ጋ አንድ ነው። ገባላት። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። አሁን አንድ ሰንጠረዥ ባዶ ብታደርግ ባዶ የሚሆነው የደንበኞቹ ነው።

ስለዚህ ፒጂሆስትን ሼላችሁ፣ ማለትም ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ሲከፈት በሚነበበው ፋይል ውስጥ አታስቀምጡ። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ለስክሪፕት ጥሩ ነው፤ ለዶከር ኮንቴይነር በጣም ጥሩ ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍበት ተርሚናል ግን አልመክርም። በዓይን አይታይም፤ ስለማይታይ ደግሞ ይረሳል።

ሆስት መጻፍና አለመጻፍ ሌላም ነገር ይቀይራል፤ ማንነታችሁ የሚረጋገጥበትን መንገድ። ሆስት ካልሰጣችሁ በሶኬት ነው የምትገቡት። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ከፓኬጅ የተጫነ ፖስትግሬስ በሶኬት የመጣን ሰው የሚያጣራው ፒር በሚባል ዘዴ ነው። ፓስወርድ አይጠይቅም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን «ይሄ ሰው ማነው?» ይለዋል፤ መልሱ ከዩዘሩ ስም ጋር ከገጠመ ያስገባል። ሰረዝ ኤች ሎካልሆስት ካላችሁ ግን በኔትወርክ በር ነው የመጣችሁት፤ እዚያ ፓስወርድ ይጠየቃል። «ፒር ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» የሚል ኤረር ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሮጦ ፓስወርድ ይቀይራል። ፓስወርዱ ምንም አላጠፋም፤ ጭራሽ አልታየም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ምክር ይዞ የሰርቨሩን የፈቃድ ፋይል «ትረስት» ማድረግ ነው። ትረስት ማለት ያለ ፓስወርድ ማንም ይግባ ማለት ነው። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ብዙ ጊዜ ሰረዝ ኤች ሎካልሆስት ብሎ መጨመር ብቻ ይበቃል።

ወደ ፓስወርድ ልምጣ። አድራሻው ውስጥ ፓስወርዱን ከትቶ መጻፍ ይመቻል፤ ግን ሼሉ ሂስትሪ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። ፓስወርዱ ውስጥ የኢሜይል አት ምልክት ካለበት ደግሞ በፐርሰንት 40 ተክታችሁ ካልጻፋችሁት አድራሻው ይበላሻል። ፒጂፓስወርድ የሚባል ቫሪያብልም አለ። የፖስትግሬስ ዶክመንቴሽን ራሱ አይመክረውም፤ አንዳንድ ሲስተም ላይ ሌላ ተጠቃሚ የእናንተን ፕሮሰስ ቫሪያብሎች ማየት ይችላልና።

ትክክለኛው ቦታ ሆም ዳይሬክተሪያችሁ ውስጥ ያለው፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረው የፒጂፓስ ፋይል ነው። በአንድ መስመር ላይ አምስት ነገር በኮለን እየለያችሁ ትጽፋላችሁ፤ ሆስት፣ ፖርት፣ ዳታቤዝ፣ ዩዘር፣ ፓስወርድ። ሁሉንም ይወክልልኝ ለምትሉት ቦታ ኮከብ ይገባል።

«ጻፍኩት፤ ግን አሁንም ፓስወርድ ይጠይቀኛል» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የፋይሉን ፈቃድ ይይ። ሊኑክስና ማክ ላይ 0600 መሆን አለበት፤ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው። ሌላ ሰው ማንበብ ከቻለ ፒኤስኪውኤል ፋይሉን ይተወዋል። ቀጥሎ ሆስቱን ይይ። የሚነጻጸረው ፊደል በፊደል ነው፤ ትእዛዙ ላይ አይፒ ጽፋችሁ ፋይሉ ውስጥ ስሙን ካስቀመጣችሁ አይገጥምም፣ ማሽኑ አንድ ቢሆንም። ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ የገጠመው መስመር ነው የሚወሰደው፤ ኮከብ የበዛበትን መስመር አናት ላይ ካደረጋችሁ ከሥሩ ያለው አይነበብም። ፓስወርዱ ውስጥ ኮለን ካለ ደግሞ ፊት ለፊቱ ባክስላሽ ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ ልክ ሆኖም እምቢ ካለ፣ የድሮ ፒጂፓስወርድ ተርሚናሉ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ እዩ። እሱ ካለ የፒጂፓስ ፋይል ከነጭራሹ አይከፈትም።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ደረስን፤ የሰርቪስ ፋይል። በየኩባንያው ፖስትግሬስን ለዓመታት የተጠቀሙ፣ ይሄን ፋይል ግን ሰምተው የማያውቁ ጎበዝ ሰዎች አሉ። በጣም ይቆጨኛል።

ነገሩ ቀላል ነው። ሆም ዳይሬክተሪያችሁ ውስጥ የፒጂ ሰርቪስ ፋይል ትፈጥራላችሁ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ስም ትሰጣላችሁ፤ ለምሳሌ «ሙከራ»፣ «ሪፖርት»፣ «ፕሮዳክሽን» ብላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ከስሙ ሥር እያንዳንዱን ቅንብር በየመስመሩ ትጽፋላችሁ፤ ሆስት እኩል ይሆናል ይሄ፣ ፖርት እኩል ይሆናል 5432፣ ዩዘር እኩል ይሆናል ያ። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አታስገቡ። ከዚያ በኋላ ፒኤስኪውኤል፣ ሰርቪስ እኩል ይሆናል፣ ስሙ። አለቀ።

ይሄ ለምን የተሻለ ይሆናል? ቅንብሮቹ አንድ ላይ ስለሚመጡ። ሆስቱ፣ ዩዘሩ፣ ዳታቤዙ፣ የኢንክሪፕሽኑ ደረጃ በአንድ ስም ሥር ታስረዋል። ቅድም እንዳልኩት የሰርቪስ ፋይል ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይቀድማል፤ ስለዚህ የተረሳ ፒጂሆስት ቢኖርም የሰርቪሱን ሆስት አይነካውም። ያቺ ባልደረባችን የሙከራውን ሰርቪስ በስሙ ብትጠራ ኖሮ፣ ሆስቱ እዚያ ተጽፎ እስካለ ድረስ፣ ፕሮዳክሽን ውስጥ አትገባም ነበር። ፓስወርድ እዚህ አታስገቡ፤ እሱ ፒጂፓስ ውስጥ ይቆይ። ያኔ የሰርቪስ ፋይሉን ቡድኑ ኮድ በሚጋራበት ጊት ውስጥ አስገብታችሁ ከቡድኑ ጋር ልትጋሩት ትችላላችሁ፤ ፒጂሰርቪስፋይል የሚባለው ቫሪያብል ፋይሉ ያለበትን ቦታ ያሳያል። አዲስ ሰው ሲቀጠር አድራሻ በቴሌግራም መላላክ ይቀራል።

ይሄ ሁሉ የፒኤስኪውኤል ብቻ አይደለም። ከሥሩ ሊብፒኪው የሚባል ላይብረሪ አለ፤ ቅንብሮቹን የሚያነበው እሱ ነው። ባክአፕ የምትወስዱበት ፒጂዳምፕም በሱ ነው የሚሠራው። የፓይተኑ ሳይኮፒጂም እንደዚያው። አንድ ጊዜ የጻፋችሁት ሰርቪስ ለሁሉም ያገለግላል።

ኢንክሪፕሽን ላይ ጠንከር ልበል። ኤስኤስኤልሞድ የሚባል ቅንብር አለ፤ ዲፎልቱ «ፕሪፈር» ነው። ፕሪፈር ማለት ኢንክሪፕት ማድረግ ከተቻለ ይደረግ፣ ካልተቻለ ሳይደረግ ይቀጥል ማለት ነው። መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው «አይቻልም» የሚል መልስ ከላከ መረጃው በግልጽ ይሄዳል፤ እናንተም አታውቁም። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ወደ «ሪኳየር» ይቀይርና ያርፋል። ሪኳየር ኢንክሪፕሽን ያስገድዳል፤ ግን ማዶ ያለው ማን እንደሆነ አያጣራም። ደብዳቤን በሚገባ አሽጎ ለማያውቁት ሰው እንደመስጠት ነው። ሙሉው ጥበቃ «ቬሪፋይ ፉል» ነው፤ የሰርቨሩን ማንነት የሚያሳየውን ሰርተፍኬት የፈረመው የሚታመን መሆኑን ያያል፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስምም ከጻፋችሁት ሆስት ጋር መግጠሙን ያረጋግጣል። በሆቴልና በካፌ ዋይፋይ ለምትሠሩ፣ ከቤት ሆናችሁ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ለምትነኩ ከዚህ በታች አትውረዱ።

«ሰርተፍኬት ማስተካከል ራስ ምታት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከ16ኛው እትም ጀምሮ ግን ኤስኤስኤልሩትሰርት የሚባለውን ቅንብር «ሲስተም» ብላችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ያኔ ኮምፒውተራችሁ አስቀድሞ የሚያምናቸውን ሰርተፍኬት ሰጪዎች ይጠቀማል፤ ሞዱም ራሱ ቬሪፋይ ፉል ይሆናል። በኤስኤስኤች ተነል፣ ማለትም ከራሳችሁ ማሽን ፖርት ወደ ሩቁ ሰርቨር በሚያሻግር የተመሰጠረ መንገድ፣ የምትገቡ ደግሞ አንድ ችግር ይገጥማችኋል፤ ሆስቱ ሎካልሆስት ስለሚሆን ስሙ ከሰርተፍኬቱ ጋር አይገጥምም። መፍትሔው ሁለቱንም መስጠት ነው፤ ሆስት ላይ የሰርቨሩን እውነተኛ ስም፣ ሆስትአድር ላይ የራሳችሁን ማሽን አይፒ፣ 127.0.0.1። የሚደወለው ወደ አይፒው ነው፤ የሚጣራው ግን በስሙ ነው።

መስመር ለሚቆራረጥበት ሰው፣ እኛንም ጨምሮ፣ ኮኔክት ታይምአውት ያስፈልገዋል። ዲፎልቱ ገደብ የለውም። ፋየርዎል ዝም ብሎ ፓኬት የሚጥል ከሆነ ሊኑክስ ላይ በተለመደው ቅንብር ከሁለት ደቂቃ በላይ ደርቃችሁ ትጠብቃላችሁ። 10 ሰከንድ ስጡት። መልሱንም ማንበብ ልመዱ። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ደርሳችሁበታል፤ በዚያ ፖርት ላይ የሚሰማ ግን የለም። ጠብቆ ጠብቆ ታይምአውት ካለ መንገዱ ላይ የዘጋ ነገር አለ። ለመጀመሪያው ወደ ሰርቨሩ ቅንብር፣ ለሁለተኛው ወደ ፋየርዎሉ ነው የምትሄዱት።

አማርኛ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ ላይ ለምትሠሩ አንድ ቅንብር ልጨምር፤ ክላየንት ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ክላየንቱ ፊደልን በባይት የሚጽፍበት ዘዴ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ዳታቤዙ ዩቲኤፍ 8 ሆኖ ክላየንታችሁ ላቲን 1 ነኝ ካለ፣ «ሰላማዊት» የሚል ስም ያለበትን ረድፍ ስትጠይቁ ገና «ሰ» ላይ ኤረር ይመጣል፤ ይሄ ፊደል በላቲን 1 አቻ የለውም ይላችኋል። መረጃው ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ዳታው ደህና ነው። ክላየንት ኢንኮዲንግ እኩል ይሆናል ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ሰርቪስ ፋይሉ ውስጥ ጻፉት። ዊንዶውስ ላይ ኮንሶሉንም ወደ 65001 መቀየር ያስፈልጋል።

ከገባችሁ በኋላስ የት እንዳላችሁ በምን ታውቃላችሁ? እዚህ ላይ የጊትላብን፣ የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠውን ኩባንያ፣ ነገር ማንሳት አለብኝ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ማታ፣ የጊትላብ ባለሙያዎች ሁለተኛው የፖስትግሬስ ሰርቨር ከዋናው ጋር አልመሳሰል ብሏቸው ሲታገሉ ነበር። አንድ መሐንዲስ የሁለተኛውን ሰርቨር የዳታ ማህደር አጥፍቶ እንደገና ሊጀምር ፈለገ። ትእዛዙን የሰጠው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ሆኖ ነበር። ሲያውቀው ወዲያው አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት አካባቢ ነበር። የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ሳይመለስ ቀረ። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም፤ ማታ ነው፣ ደክሟል፣ ሁለቱም መስኮቶች ይመሳሰላሉ። ጊትላቦች ምንም ሳይደብቁ ሁሉን ለሕዝብ ጻፉት፤ ለዚህ በጣም አከብራቸዋለሁ። ካሰቧቸው ማስተካከያዎች አንዱ የተርሚናሉ ፕሮምፕት፣ ማለትም ትእዛዝ ከምንጽፍበት ፊት የሚታየው ጽሑፍ፣ የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው አካባቢ እንደሆነ በግልጽ እንዲያሳይ ማድረግ ነበር።

የፒኤስኪውኤል ዲፎልት ፕሮምፕት የሚያሳየው የዳታቤዙን ስም ነው። ሆስቱን አያሳይም። ሙከራውና ፕሮዳክሽኑ አንድ የዳታቤዝ ስም ካላቸው በዓይን አይለዩም። መጨረሻ ላይ የሃሽ ምልክት ካያችሁ ደግሞ ሱፐርዩዘር፣ ማለትም ሁሉ የተፈቀደለት ዩዘር፣ ሆናችሁ ነው የገባችሁት፤ ለዕለት ሥራ በሱፐርዩዘር አትግቡ። ሆም ዳይሬክተሪያችሁ ውስጥ ባለው የፒኤስኪውኤልአርሲ ፋይል ፕሮምፕት 1 የሚባለውን ቀይሩት፤ ፐርሰንት ትንሿ ኤን ለዩዘር፣ ፐርሰንት ትልቁ ኤም ለሆስት፣ ፐርሰንት ስላሽ ለዳታቤዝ። 18ኛውን እትም የያዛችሁ ፐርሰንት ትንሿ ኤስ ጨምሩበት፤ የሰርቪሱን ስም ያወጣላችኋል። በተነል ለምትገቡ ትልቅ ነገር ነው፤ በተነል ሁሉም ሆስት ሎካልሆስት ነው የሚመስለው። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ደግሞ ባክስላሽ ኮንኢንፎ በሉ። ዳታቤዙን፣ ዩዘሩን፣ ሆስቱን፣ ፖርቱን ይነግራችኋል።

ከዚህ በላይ አንድ እርምጃ አለ፤ ሁላችሁም ዛሬ ማታ እንድታደርጉት እፈልጋለሁ። ሰርቪስ ፋይሉ ውስጥ ለፕሮዳክሽን ሁለት ስም ክፈቱ፤ አንዱ ለማንበብ፣ አንዱ ለመጻፍ። በማንበቢያው ሥር ኦፕሽንስ የሚባለውን ቅንብር ጻፉ፤ እኩል ይሆናል፣ ሰረዝ ሲ፣ ዲፎልት ትራንዛክሽን ሪድ ኦንሊ እኩል ይሆናል ኦን። ቃላቱ በአንደርስኮር ይያያዛሉ። በዚህ የገባ ሰው ዴሊት ቢል ሰርቨሩ «በሚነበብ ብቻ ትራንዛክሽን ውስጥ ማጥፋት አይቻልም» ብሎ ይመልሰዋል። ሆን ብሎ የሚያጠፋን ሰው አያቆምም፤ ቅንብር በሚቀይረው «ሴት» (SET) በሚባል አንድ ትእዛዝ ይነሳል። ያንን የሚያቆመው የዩዘሩ ፈቃድ ነው። የደከመ እጅን ግን ያቆማል። አብዛኛው ቀን ፕሮዳክሽን የምንገባው ለማየት ነው፤ ለማየት ደግሞ የመጻፍ መብት አያስፈልግም።

ቃል የገባሁላችሁ የማይኤስኪውኤል ሰዎች። እናንተ ጋ ትንሿ ፒ ፓስወርድ ናት፣ ትልቁ ፒ ነው ፖርት፤ ከፒኤስኪውኤል ስትመጡ ተጠንቀቁ። ዋናው ወጥመድ ግን ሎካልሆስት ነው። ሊኑክስና ማክ ላይ ሰረዝ ኤች ሎካልሆስት ስትሉ የማይኤስኪውኤል ክላየንት በሶኬት ነው የሚገባው፤ ትልቁን ፒ ጨምራችሁ ፖርት ብትሰጡትም ፖርቱን ይተወዋል። እንበልና በ3307 ላይ ወደ ሩቅ ሰርቨር ተነል ከፍታችኋል። ሎካልሆስት ብላችሁ 3307 ሰጣችሁ። ላፕቶፓችሁ ላይ ማይኤስኪውኤል ካለና ዩዘርና ፓስወርዱ ከገጠመ፣ የገባችሁት ላፕቶፓችሁ ውስጥ ነው። 127.0.0.1 ብላችሁ ጻፉ፤ ወይም ፕሮቶኮል የሚለውን ኦፕሽን ቲሲፒ አድርጉት። ፓስወርድ ለማስቀመጥ የኮንፊግ ኤዲተሩን ተጠቅማችሁ ሎጊን ፓዝ ፍጠሩ፤ እንደ ሰርቪስ ስም ይሰጠዋል። ፕሪንት ዲፎልትስ የሚል ኦፕሽንም አላችሁ። ከቅንብር ፋይሎቹ ምን ምን እንዳነበበ፣ ገና ከሰርቨሩ ጋር ሳይገናኝ፣ ዘርዝሮ ያሳያችኋል።